ሚዲያው ለማን አደላ? ከመናደዳችን በፊት እንቁጠር

ሰኞ ማታ ነው፣ ጁን 6፣ 2016። (ቀኖቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በማግስቱ ካሊፎርኒያን ጨምሮ ስድስት የአሜሪካ ግዛቶች ድምፅ ሊሰጡ ነው። ሂላሪ ክሊንተን እና በርኒ ሳንደርስ የዴሞክራቲክ ፓርቲ የፕሬዝዳንት ዕጩ ለመሆን ለወራት ሲፎካከሩ ቆይተው መጨረሻው ላይ ደርሰዋል። በዚህ መሃል የሰው ስልክ ላይ ሰበር ዜና መጣ። አሶሺየትድ ፕሬስ የተባለው የዜና ወኪል ክሊንተን ለዕጩነት የሚያስፈልጋቸውን ቁጥር አሟልተዋል፣ ነገሩ አልቋል የሚል ዜና ለቀቀ።

እንዴ! ምርጫው እኮ ነገ ነው።

የሳንደርስ ደጋፊዎች በጣም ተናደዱ። ክሊንተን ራሳቸው ያን ማታ ደጋፊዎቻቸውን «ገና ነው፣ ነገ ወጥታችሁ ምረጡ» የሚል መልእክት ነው ያስተላለፉት። ምክንያቱም አልቋል የተባለ ምርጫ ላይ ማን ተሰልፎ ይቆማል?

«ሚዲያው ያዳላል» የሚለው ወቀሳ በየምርጫው ይነሳል። አንዳንዴ እውነት ነው። አንዳንዴ ደግሞ የተሸነፈ ሰው ብሶት ነው። ሁለቱን መለየት ካልቻልን ወይ ሰው ወደ ፈለገው ይነዳናል፣ ወይ ደግሞ «ሁሉም ውሸታም ነው» ብለን ቲክቶክ ላይ ጮክ ብሎ የሚያወራውን አንድ ሰው እናምናለን። ሁለቱም ያከስራል። ስለዚህ ዛሬ አድልዎ የሚባለው ነገር በተግባር ምን እንደሚመስል በምሳሌ እናያለን።

መጀመሪያ፦ ቅድመ ምርጫ ምንድነው?

አሜሪካ ውስጥ ዋናው ምርጫ ከመድረሱ በፊት እያንዳንዱ ፓርቲ «ማንን እናቅርብ?» ብሎ ደጋፊዎቹን ይጠይቃል። ግዛት በግዛት ድምፅ ይሰጣል፣ በውጤቱም ዕጩዎቹ ልዑካን ያገኛሉ። በቂ ልዑካን ያገኘው የፓርቲው ዕጩ ይሆናል።

እዚህ ላይ የሚዲያ ጉልበት ከዋናው ምርጫ ይበልጣል። ለምን? በዋናው ምርጫ መራጩ ቢያንስ የፓርቲውን ስም አይቶ ይወስናል። በቅድመ ምርጫ ግን ሁሉም ተፎካካሪ የአንድ ፓርቲ ሰው ነው። አንዳንዴ ከአስር በላይ ዕጩ ይኖራል። መራጩ ስማቸውን የሚሰማው፣ «ይሄ ሰው ያሸንፋል» ወይም «አይሆንም» የሚለውን የሚወስነው በአብዛኛው ከሚዲያ በሚያየው ነው።

አንደኛው መንገድ፦ የአየር ሰዓት

አድልዎ ሲባል ብዙዎቻችን ውሸት ነው የሚመስለን። አብዛኛውን ጊዜ ግን ውሸት የለበትም። አንዱን አሳይቶ ሌላውን አለማሳየት በቂ ነው።

በ2015 የኤቢሲ ዋና የምሽት ዜና እስከ ኖቬምበር መጨረሻ ድረስ ለዶናልድ ትራምፕ ዘመቻ 81 ደቂቃ ሰጠ። ለሳንደርስ ዘመቻ የሰጠው 20 ሰከንድ ነበር። ደቂቃ አላልንም፣ ሰከንድ ነው።

ማርች 15፣ 2016 ማታም ሳንደርስ ፊኒክስ ከተማ ላይ ንግግር እያደረጉ ነበር። ትልልቆቹ የዜና ጣቢያዎች ግን ንግግሩን በቀጥታ ማስተላለፉን ትተው ትራምፕ ገና ያልወጡበትን ባዶ አትሮንስ እያሳዩ ይጠብቁ ነበር።

ይሄ በግራ ዘመም ፖለቲከኞች ላይ ብቻ የሚደርስ አይደለም። ኦገስት 2011 አዮዋ ውስጥ ሪፐብሊካኖች የሙከራ ድምፅ ሰጥተው ነበር። ሚሼል ባክማን አንደኛ ወጡ፣ ሮን ፖል ከ200 ባነሰ ድምፅ ተበልጠው ሁለተኛ። በማግስቱ ብዙ ጣቢያዎች ስለ አንደኛዋ አወሩ፣ ስለ ሦስተኛው አወሩ፣ ሁለተኛውን ዘለሉት። ነገሩ በጣም ከመጉላቱ የተነሳ የኮሜዲ ፕሮግራም መሳቂያ እስከመሆን ደረሰ።

ሁለተኛው መንገድ፦ ቁጥር አቀራረብ

ይሄኛው ረቀቅ ይላል። ፌብሩዋሪ 2016 ኒው ሃምፕሸር ላይ ሳንደርስ 60 በመቶ፣ ክሊንተን 38 በመቶ አገኙ። ሰፊ ድል ነው። በድምፁ መሠረት ሳንደርስ 15፣ ክሊንተን 9 ልዑካን ደረሳቸው። ብዙ ሚዲያ ያወጣው ሰንጠረዥ ግን 15 ለ 15 ይል ነበር።

እንዴት? በዚያን ጊዜ በፓርቲው ደንብ ሱፐር ደሌጌት የሚባሉ ከ700 በላይ ሰዎች ነበሩ። የኮንግረስ አባላት፣ አገረ ገዢዎች፣ የፓርቲ ባለሥልጣናት ናቸው። ሕዝቡ ማንንም ይምረጥ፣ እነሱ የፈለጉትን መደገፍ ይችላሉ። ከኒው ሃምፕሸሮቹ ስድስቱ ክሊንተንን እንደሚደግፉ ተናግረው ስለነበር ሚዲያው ደመራቸው።

ቁጥሩ ውሸት አይደለም። ግን እነዚህ ሰዎች በይፋ ድምፅ የሚሰጡት ጁላይ ላይ በሚደረገው የፓርቲው ጉባኤ ነው፣ እስከዚያ ሐሳባቸውን መቀየር ይችላሉ። የተሰጠን ድምፅ እና የተገባን ቃል አንድ ላይ ደምሮ ማሳየት ተመልካቹን «ይሄማ ያለቀ ነገር ነው» ያሰኘዋል። የጁን 6ቱ ሰበር ዜናም የመጣው በዚሁ ድምር ነው። የዜና ወኪሉ ሱፐር ደሌጌቶቹን እየጠየቀ ሲቆጥር ነበር፣ ቁጥሩ ያን ማታ ሞላ።

ሦስተኛው መንገድ፦ ጥያቄው ውስጥ የተደበቀ መልስ

ጃንዋሪ 14፣ 2020፣ በሲኤንኤን ክርክር ላይ። ኤልዛቤት ዋረን ከሳንደርስ ጋር ከዓመት በፊት ለብቻቸው ሲነጋገሩ «ሴት ማሸነፍ አትችልም» ብለውኛል ብለዋል። ሳንደርስ አላልኩም ይላሉ። ክፍሉ ውስጥ ሌላ ሰው አልነበረም።

አወያይዋ ሳንደርስን ጠየቀች። አላልኩም አሉ። አረጋግጥልኝ አለች። አዎ፣ አላልኩም አሉ። ወዲያው ወደ ዋረን ዞራ፣ ሳንደርስ ይህን ሲሉዎት ምን ተሰማዎት ብላ ጠየቀች።

አያችሁ? «እሳቸው አላልኩም ይላሉ፣ እርስዎስ?» አይደለም የተባለው። ሰውየው መናገራቸው እንደተረጋገጠ ተደርጎ ነው የታለፈው። ማን እውነቱን እንደተናገረ እኛ አናውቅም፣ ጠያቂዋም ማወቅ አትችልም ነበር። ጥያቄው ግን ፈርዶ ጨረሰ።

አራተኛው መንገድ፦ ከአውዱ የተቆረጠ ክሊፕ

ይሄ ለእኛ ለስልክ ትውልድ በጣም ይቀርበናል። ጃንዋሪ 19፣ 2004፣ ሃዋርድ ዲን አዮዋ ላይ ሦስተኛ ወጡ። ማታ ደጋፊዎቻቸውን ለማበረታታት የግዛት ስም እየጠሩ ቆይተው መጨረሻ ላይ ጮሁ። ጣቢያዎች ያቺን ጩኸት በጥቂት ቀናት ውስጥ በመቶዎች ለሚቆጠር ጊዜ ደጋገሟት። ሰውየው ያበዱ መሰሉ።

ችግሩ ማይኩ ላይ ነበር። የያዙት ማይክ የዙሪያውን ድምፅ ቀንሶ የተናጋሪውን ብቻ የሚቀዳ ዓይነት ነው። አዳራሹ ውስጥ የነበረው ሰው በጣም ይጮህ ስለነበር የዲን ድምፅ በቅጡ አይሰማም ነበር። ቴሌቪዥን ያየ ሰው ግን ጸጥ ያለ ቤት ውስጥ ብቻውን የሚጮህ ሰው ሰማ። ቪዲዮው እውነተኛ ነው፣ ማንም አልነካካውም። የሰጠው ስሜት ግን የተሳሳተ ነበር።

እዚህ ላይ ግን ቆም እንበል። ብዙ ሰው «ያቺ ጩኸት ዲንን ጣለቻቸው» ይላል። ዲን የጮሁት ሦስተኛ ከወጡ በኋላ ነው። መውደቅ ቀድሞ ጀምሯል። ሚዲያው ጎድቷቸዋል ማለት ሚዲያው ብቻ ጣላቸው ማለት አይደለም።

እና ሆን ተብሎስ አይደረግም?

ይደረጋል። ኦክቶበር 2016 በወጡ ኢሜይሎች፣ የሲኤንኤን ተንታኝ እና የፓርቲው ከፍተኛ ባለሥልጣን የነበሩት ዶና ብራዚል ለመድረክ የተዘጋጁ ጥያቄዎችን አስቀድመው ለክሊንተን ቡድን ማሳወቃቸው ታየ። ሲኤንኤን ከሳቸው ጋር ተለያየ። ይሄ አድልዎ ብቻ አይደለም፣ ፈተና ማውጣት ነው።

ብዙውን ጊዜ ግን ምክንያቱ ሴራ ሳይሆን ገበያ ነው። ያልተጠበቀ ነገር የሚናገር ዕጩ ተመልካች ያመጣል፣ ተመልካች ማስታወቂያ ያመጣል። ሌላው ልማድ ነው። ጋዜጠኞች «ማን እየመራ ነው?» የሚለውን እንደ ፈረስ እሽቅድምድም መዘገብ ይወዳሉ፣ ቀድሞ የመራ ሰው ተጨማሪ ሽፋን ያገኛል፣ ሽፋኑ ደግሞ የበለጠ እንዲመራ ያግዘዋል።

እዚህ ጋ ሐቀኛ መሆን አለብን፤ እኛም ከዚህ ነፃ አይደለንም። ስለ አንድ ዕጩ የጤና መድን ፖሊሲ ብንለጥፍ እና ስለ ሌላው የተሳሳተ ንግግር ብንለጥፍ የትኛው እንደሚታይ እናውቀዋለን። ያ ዕውቀት ምርጫችን ላይ ተጽዕኖ አያደርግም ብንል እንዋሻለን።

የክሊንተን ደጋፊዎችም ብሶት ነበራቸው

አሁን ታሪኩን እናገላብጠው። የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የሚዲያ ጥናት ማዕከል የ2015ን ዘገባ በስምንት ትልልቅ ሚዲያዎች ላይ መረመረ። ሳንደርስ ሽፋናቸው ትንሽ ነበር፣ ይሄ እውነት ነው። ግን የተወራላቸው ነገር ከሁሉም ዕጩዎች የተሻለ አዎንታዊ ነበር። ክሊንተን ብዙ ተወራላቸው፣ አብዛኛው ግን አሉታዊ ነበር፤ ከሁለቱም ፓርቲ ዕጩዎች የባሰ።

ስለዚህ ማን ተጎዳ? የሳንደርስ ደጋፊ «አላሳዩትም» ሲል ልክ ነው። የክሊንተን ደጋፊ «ሲያሳዩዋት እያብጠለጠሉ ነው» ስትልም ልክ ነች። ሁለቱም የሚያዩት አንድ ሚዲያ ነው፣ የሚለኩት ግን የተለያየ ነገር ነው።

የራሳችን ዓይንም ያዳላል

ዲኤስቲቪ ቤት ገብታችሁ የአርሰናልና የማንቸስተር ጨዋታ ያያችሁ ታውቁታላችሁ። አንድ ዳኛ፣ አንድ ፊሽካ። ሲያልቅ ሁለቱም ወገን «ዳኛው በላን» ብሎ ነው የሚወጣው።

ይሄ በጥናትም ታይቷል። በ1985 የወጣ የስታንፎርድ ተመራማሪዎች ጥናት፣ በ1982 ቤይሩት ውስጥ ስለተፈጸመው ጭፍጨፋ የተሠሩ የቴሌቪዥን ዜናዎችን ለእስራኤል ደጋፊ እና ለዓረብ ደጋፊ ተማሪዎች አሳየ። ያዩት ዜና አንድ ነው። ሁለቱም ወገን ዜናው በእነሱ ላይ ያደላ ነው አሉ። ማለትም ስሜታችን ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። ጉዳዩ በቀረበን መጠን ስሜታችንን ማመን ያለብን ያነሰ ነው።

ታዲያ ምን እናድርግ?

ስልካችሁ በቂ ነው። እነዚህን ሞክሩ፦

1. ቁጠሩ። አንድ ገጽ ወይም የቴሌግራም ቻናል ምረጡ፣ የሁለት ዕጩዎችን ስም ፈልጉ፣ የአንድ ሳምንት ፖስት ቁጠሩ። ስንት ስለዚህ፣ ስንት ስለዚያ? ስንቱ በጎ፣ ስንቱ ወቀሳ?

2. ስም ቀያይሩ። ርዕሱ ላይ ያለውን ዕጩ አውጥታችሁ የምትወዱትን አስገቡ። አሁንም ልክ ይመስላል? ካናደዳችሁ ወይ ርዕሱ ያዳላል ወይ እናንተ።

3. ሙሉውን እዩ። 15 ሰከንድ ካያችሁ ከፊቱ እና ከኋላው ያለውን አንድ ደቂቃ ፈልጉ።

4. ቁጥሩን ፈትሹ። «እየመራ ነው» ሲባል በምን? በተቆጠረ ድምፅ፣ በቅድመ ግምት ወይስ በተገባ ቃል?

5. ለምትጠሉት ዕጩም ይህንኑ አድርጉ። ይሄ ከሁሉም ከባዱ ነው።

ለእኛ ደግሞ አንድ ነገር ይጨመራል። የአሜሪካ ምርጫ ዜና በአማርኛ ሲደርሰን ሁለት ጊዜ ተመርጦ ነው። መጀመሪያ የአሜሪካው ጣቢያ ይመርጣል፣ ከዚያ ተርጓሚው ገጽ፣ እኛም ጭምር፣ ከዚያ ውስጥ እንመርጣለን። ቨርጂኒያና ሜሪላንድ ያሉ ዜጋ የሆኑ ዘመዶቻችን በዚህ ላይ ተመሥርተው ድምፅ ይሰጣሉ። ቀልድ አይደለም።

የካሊፎርኒያው መጨረሻ

ክሊንተን ካሊፎርኒያን 53 ለ46 ገደማ አሸነፉ። በጠቅላላው ቅድመ ምርጫም በሚሊዮኖች በሚቆጠር ድምፅ በልጠዋል፣ ስለዚህ ያ ሰበር ዜና ምርጫውን ገለበጠ ማለት አይቻልም። የዜና ወኪሉም መልስ ነበረው፦ የምናውቀውን እውነት ደብቀን እስከ ነገ እናቆየው ወይ?

ግን ያን ማታ ዜናውን አይቶ «በቃ፣ ምን አደክመኝ» ብሎ ከቤት ያልወጣ ሰው ስንት እንደሆነ የትኛውም ሰንጠረዥ ላይ አይታይም።

ወቀሳው ግን ከንቱ አልቀረም። በ2018 ፓርቲው ደንቡን ቀየረ። አሁን አሸናፊው በቅድመ ምርጫ በተገኙ ልዑካን አስቀድሞ ካልታወቀ በቀር ሱፐር ደሌጌቶች በጉባኤው የመጀመሪያ ዙር ድምፅ አይሰጡም። ይሄ የመጣው «ሚዲያ ሌባ» ብሎ በመጮህ ብቻ አይደለም። ሰዎች ጣታቸውን አንድ የተወሰነ ነገር ላይ ቀስረው «ይሄ ቁጥር እንዲህ መደመር የለበትም» ስላሉ ነው።

እኛንም እንደዚሁ ቁጠሩን። አዳልታችሁ ካገኛችሁን የትኛው ፖስት እና የቱ ጋ እንደሆነ ንገሩን፣ እናርማለን።