ሣሎኑ ሳይለካ ምንጣፍ አይገዛ

በቀድሞው ዘመን በቤት ውስጥ የሚነጠፈውን ነገር ስፋት የሚወስነው ባለቤቱ አልነበረም። የጀንዲውን ስፋት የሚወስነው በሬው፣ የአጎዛውን በጉ ነበር። እንግዳ ሲበዛ አንዱ በአንዱ ላይ ተደርቦ ይነጠፋል እንጂ «ይህ ለእልፍኙ አነሰ፤ ያኛው በዛ» ተብሎ ክርክር አይነሣም ነበር። ዛሬ ግን ምንጣፍ በሜትር ተለክቶ በየሱቁ ስለሚቀርብ፣ ምርጫው በሙሉ በገዢው እጅ ወድቋል። ብዙው ሰው ደግሞ የሚመርጠው በቀለሙና በዋጋው ነው፤ ልኩ የሚታሰበው ዕቃው ቤት ከገባና ከተዘረጋ በኋላ ነው።

ይህም ቀላል ጉዳይ አይደለም። የአንድ ሣሎን ምንጣፍ ለብዙ ቤተ ሰብ የወራት ዕቁብ ነው። ከሱቅ ወጥቶ አንድ ቀን የተረገጠ ምንጣፍ ደግሞ «አነሰኝ» ተብሎ ቢመለስ ነጋዴው በደስታ አይቀበልም። ያነሰው ምንጣፍ በሣሎኑ መካከል እንደ መሐረብ ተዘርግቶ ይቀራል። የበዛው ደግሞ ጫፉ ከግድግዳው ሥር ይታጠፋል፤ በሩን አላስከፍት ይላል፤ ከዚያም ብሶ አንዲት አሮጊት እናት በእጥፋቱ ተደናቅፈው ይወድቃሉ። በእርጅና ዘመን የተሰበረ ዳሌ ምን ያህል እንደሚያስቸግር ያስታመመ ያውቀዋል።

ስለዚህ ወደ ገበያ ከመሄድ በፊት ሜትር ይዞ መንበርከክ ተገቢ ነው። በክንድና በስንዝር መለካት ለዚህ ሥራ አይበጅም፤ የባልና የሚስት ክንድ እኩል አይደለምና። ሜትር በቤት ውስጥ ከሌለ ከጎረቤት መዋስ ነውር የለውም። ከተለካም በኋላ አንድ ብልሃት አለ። ይኸውም አንባቢ ይህን ጋዜጣ አንብበው ሲጨርሱ፣ ከሌሎች አሮጌ ጋዜጦች ጋር እያገናኙ ሊገዙ ባሰቡት ምንጣፍ ልክ ወለሉ ላይ ይዘርጉት፤ ጫፍ ጫፉንም በፕላስተር ይያዙት። እንዲሁ አንድ ቀን ይዋል። ልጆቹ ይሩጡበት፤ በሩ ይከፈት ይዘጋ፤ ወንበሩ ይሳብ። ጋዜጣው የተቀደደበት ቦታ ምንጣፉም የሚጎዳበት ቦታ ነው።

በፋብሪካ የሚሠሩት ምንጣፎች አብዛኛውን ጊዜ የሚመጡት በታወቁ ልኮች ነው፤ 1.20 በ1.80፣ 1.60 በ2.30፣ 2 በ3፣ እንዲሁም 2.40 በ3.40 ሜትር። እንግዲህ ርዝመቱ 4 ሜትር፣ ወርዱ 3.50 የሆነ ሣሎን አለን እንበል። በረጅሙ ግድግዳ በኩል 2.20 ሜትር የሚረዝም ሶፋ ተቀምጧል። 1.20 በ1.80 የሆነው ምንጣፍ ከሶፋው ራሱ ያጥራል፤ ሣሎኑን ማሳነስ ካልሆነ በቀር ፋይዳ የለውም። 1.60 በ2.30 የሆነው ሶፋውን በግራና በቀኝ 5 ሳንቲ ሜትር ብቻ ያልፈዋል፤ ለክፉ አይሰጥም። 2 በ3 የሆነው ግን በሁለቱም በኩል 40 ሳንቲ ሜትር ስለሚተርፍ፣ ሶፋውና ጠረጴዛው በአንድ ማዕድ የተቀመጡ ይመስላሉ።

አነጣጠፉም ደንብ አለው። የሶፋው የፊት እግሮች ምንጣፉን መርገጥ አለባቸው፤ የኋላዎቹ ባዶ ወለል ላይ ቢቆሙ ግድ የለም። የሶፋው ጥልቀት 90 ሳንቲ ሜትር ቢሆንና ምንጣፉ 20 ሳንቲ ሜትር ያህል ከሥሩ ቢገባ፣ ከወዲያ ማዶ እስከ ግድግዳው ድረስ 80 ሳንቲ ሜትር ወለል ይቀራል። 40 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው የቴሌቪዥን ማስቀመጫ ቢቆምበትም ለመተላለፊያ ይተርፋል። በጠቅላላው ግን በምንጣፉና በግድግዳው መካከል ቢያንስ 20 ወይም 30 ሳንቲ ሜትር ወለል መታየት አለበት። ከግድግዳ እስከ ግድግዳ የተሞላ ቤት የሰፋ ይመስላል የሚሉ አሉ፤ እኔ ግን አቧራው በየጥጉ ተደብቆ እንዲከርም ከማድረግ በቀር ጥቅሙ አልታየኝም።

በእኛ አገር ቤት ደግሞ በውጭ አገር የቤት አያያዝ መጻሕፍት የማይገኝ አንድ ጉዳይ አለ፤ እርሱም ቡና ነው። ረከቦቱ የሚቀመጥበት፣ ቄጠማው የሚጎዘጎዝበትና ከሰሉ የሚነድበት ቦታ ከምንጣፉ ውጪ መሆን አለበት። ከሰው ሠራሽ ክር የተሠራ ምንጣፍ ላይ አንዲት ፍንጣሪ ብታርፍ ክሩ ወዲያው ቀልጦ ቀዳዳ ይሆናል፤ የበግ ጠጉር ግን ያራል እንጂ ቶሎ አይቀጣጠልም፤ ቢሆንም ጠባሳው አይቀርም። ከላይ በተባለው ሣሎን 2 በ3 የሆነውን ምንጣፍ ከነሶፋው ወደ አንዱ ጫፍ 30 ሳንቲ ሜትር ቢያስጠጉት፣ በሌላው ጫፍ 80 ሳንቲ ሜትር ባዶ ወለል ይገኛል፤ ለረከቦቱና ለማንደጃው በቂ ነው። ሣሎኑ ከዚህ የጠበበ ከሆነ፣ እንደ ብዙዎቹ የኮንዶሚኒየም ቤቶች ማለት ነው፣ ትልቁን ምንጣፍ ትቶ 1.60 በ2.30 የሆነውን መያዝ ይሻላል። ለምንጣፍ ሲባል ቡናው ወደ ኮሪደር መሰደድ የለበትም።

ለመመገቢያው ጠረጴዛ ስሌቱ ሌላ ነው። ተመጋቢው ሲነሣ ወንበሩን ወደ ኋላ 70 ሳንቲ ሜትር ያህል ይስበዋል፤ የወንበሩ እግርም ከምንጣፉ መውጣት የለበትም። ስለዚህ 90 ሳንቲ ሜትር በ1.50 ለሆነ ጠረጴዛ 2.30 በ2.90 ሜትር የሚያህል ምንጣፍ ያስፈልጋል። ይህን ለማግኘት የሚችል ጥቂት ነው፤ የወጥ ነጠብጣብም ከምንጣፍ ላይ በቀላሉ አይለቅም። በእኔ አስተያየት በጠረጴዛ ሥር ምንም ባይነጠፍ ይመረጣል።

በመኝታ ቤት ምንጣፍ የሚያስፈልገው ጧት እግር ለሚያርፍበት ቦታ እንጂ ለአልጋው ሆድ አይደለም። 1.50 ለሚሰፋ አልጋ 2 በ3 የሆነ ምንጣፍ ወርደ ሰፊ አድርጎ ከአልጋው የታችኛው ክፍል ሥር ቢያነጥፉት፣ በግራና በቀኝ 75 ሳንቲ ሜትር ይወጣል። ገንዘቡ ካልበቃ ግን በሁለቱ ጎን አንዳንድ ጠባብ ምንጣፍ ማድረግ ያንኑ ሥራ ይሠራል፤ ሲታጠብም አንድ ሰው ብቻውን ይሸከመዋል። በውሃ የራሰ ትልቅ ምንጣፍ አራተኛ ፎቅ ያወጣ ሰው ይህን ምክር አይንቅም።

ምንጣፍን ከጥንት ጀምሮ በሥራ የሚያውቁት ፋርሶችም አንዱን ክፍል በአንድ ትልቅ ምንጣፍ መሸፈን ግዴታ አላደረጉትም። በባህላቸው አንዱን ሰፊ ክፍል በአራት ምንጣፍ ያነጥፉት ነበር፤ አንዱ በመካከል፣ ሁለት ቀጫጭን በግራና በቀኝ፣ አንዱ ደግሞ በክብር እንግዶች መቀመጫ በኩል ከራስጌ። የልካቸውም ስም የመጣው ዛር ከሚባለው የርዝመት መለኪያ ነው፤ አንዱ ዛር ከ1 ሜትር ጥቂት ይበልጣል፤ «ዶዛር» ማለትም ሁለት ዛር ማለት ነው። ይህ አነጣጠፍ ለእኛም ይጠቅማል። ቤት የሚከራይ ሰው አንድ ግዙፍ ምንጣፍ ከሚገዛ ሁለት መካከለኛ ቢገዛ፣ ቤት ሲቀይር እንደ ክፍሉ ስፋት ሊያጋጥማቸውም ሊለያያቸውም ይችላል።

ከመግዛት በፊት የሚታይ ሌላም ነገር አለ። በሩ ወደ ውስጥ የሚከፈት ከሆነ ከሥሩ ያለውን ክፍተት መለካትና የምንጣፉን ውፍረት ከዚያ ጋር ማስተያየት ነው። ትንንሾቹን ምንጣፎች ደግሞ በሴራሚክ ወይም በተወለወለ ወለል ላይ ባዶአቸውን ማንጠፍ አደገኛ ነው፤ እግር ሲያርፍባቸው ይንሸራተታሉ። ከሥራቸው ስስ ጎማ ማድረግ ይገባል።

ከሽያጭ ቤት የሚገኘው ልክ ከክፍሉ ጋር አልስማማ ካለ፣ በእጅ ለሚሠሩት ሸማኔዎች ማዘዝ ይቻላል። በመንዝ ባናና ዝተት የሚሠራበት የበግ ጠጉር ዝነኛ ነው፤ በደብረ ብርሃንም ምንጣፍ የሚሠሩ አሉ። ሲያዝዙ ግን «ለሣሎን የሚሆን» ብሎ መናገር አይበቃም። ርዝመቱንና ወርዱን በሳንቲ ሜትር በወረቀት ላይ ጽፎ መስጠት፣ ወረቀቱንም ሁለት አድርጎ አንዱን በእጅ ማስቀረት ያስፈልጋል። በጫፉ ላይ የሚንጠለጠለው ዘርፍ ከልኩ ውስጥ የሚቆጠር መሆን አለመሆኑም አስቀድሞ ይነገር፤ በሁለቱ ጫፍ 10 10 ሳንቲ ሜትር ዘርፍ ቢኖረው፣ 3 ሜትር የተባለው ምንጣፍ 2.80 ሆኖ ይመጣልና።