ፊት የሚስለው ልጅ



ባለፈው ክረምት ደሴ አጠገብ ቦሩ ሜዳ ላይ አንድ አባት የታጠፈ ወረቀት ይዘው መጡብን። የአሥራ አራት ዓመት ልጃቸው በሞት የተለዩትን አያቱን በከሰል ስሏቸዋል። ያስተማረው የለም። ሴትዮዋ በሕይወታቸው ፎቶግራፍ ተነሥተው አያውቁም፤ እናቱ ሥዕሉን ስታይ አልቅሳ ሳጥን ውስጥ ደብቃዋለች።

«ኡስታዝ፣ እናቃጥለው ወይስ እናስቀምጠው?» አሉን።

ልጁ ከጋዜጣ የቆረጠውን የሠዓሊ ለማ ጉያን ሥራ ደብተሩ ውስጥ ይዟል። አልፈረድንበትም። ለማ ጉያ በራሳቸው ጥረት ሥዕልን የተማሩ፣ በአየር ኃይል ያገለገሉ ሰው ነበሩ። በይበልጥ የታወቁት የሰው ፊት በፍየል ቆዳ ላይ በመሳል ነው። ቢሾፍቱ ላይ ሙዚየም አቋቁመው ወጣቶችንም አስተምረዋል። ያረፉት በጥቅምት 2013 ዓ.ም. ነው። ሸራ መግዛት የማይችል የገጠር ልጅ ደጁ ላይ ያለ ቆዳ እንዲህ ያለ ሥራ እንደሚወጣው ሲያይ ልቡ ቢነሣሣ ምን ይገርማል?

የእኛ ጉዳይ ግን በችሎታ ብቻ አያልቅም። ምስል ያለበት ቤት መላእክት እንደማይገቡ በሶሒሕ ሐዲሥ ተነግሯል። ነፍስ ያለውን በእጅ መሳል አብዛኞቹ ዑለማእ ይከለክላሉ፤ በፎቶግራፍ ላይ የዘመናችን ሊቃውንት ይለያያሉ። ይህን ከአባትየው አልሸሸግንም። ሆኖም ቡኻሪ የዘገቡትን አከልንላቸው። መተዳደሪያው ሥዕል የሆነ ሰው ኢብኑ ዐባስ (ረ.ዐ.) ዘንድ መጣ፤ የሠዓሊዎችን ቅጣት ሲሰማ ፊቱ ገረጣ። እርሳቸውም ባዶ እጁን አልሸኙትም፤ መሳልህ ካልቀረ ዛፍንና ነፍስ የሌለውን ሣል አሉት።

ለእንዲህ ያለ እጅ ወሎ ውስጥ ሥራ አልጠፋም። ዑለማዎቻችን ኪታብን በጥቁርና በቀይ ቀለም ሲገለብጡ ኖረዋል። ቦሩ ሜዳ እራሷ በ1870 ዓ.ም. በዐፄ ዮሐንስ ጉባኤ የወሎ ሙስሊም ሃይማኖቱን እንዲለውጥ የተወሰነባት ቦታ ናት፤ ኪታብ መገልበጡ ግን ከዚያም በኋላ አልቆመም።

ልጁ አሁን መቃ ብዕር ቀርጾ የሱራ ርዕሶችን ይጽፋል፤ ዙሪያቸውን በሐረግ ያስጌጣል። ሉህ ላይ ያደገ ነውና ብዕሩ አልከበደውም። «ዐይን» የምትባለው ሐርፍ ብቻ አሁንም ታስቸግረዋለች።

የአያቱን ሥዕል አባትየው አላቃጠሉትም፤ ግድግዳ ላይም አልሰቀሉትም። ተጣጥፎ እናቱ ሳጥን ውስጥ ተመልሷል። እኛም ደግመን አልጠየቅናቸውም።