የአየር መንገድ ወርሃዊ የመንገደኞችና የጭነት መረጃ

የአየር መንገድ ወርሃዊ የመንገደኞችና የጭነት መረጃ አንድ አየር መንገድ በአንድ ወር ውስጥ ስንት ሰው እንዳጓጓዘ፣ ምን ያህል ጭነት እንደጫነ፣ ምን ያህል ርቀት እንዳደረሰና ካለው አቅም ስንት እጁን እንደተጠቀመ የሚያሳይ የቁጥሮች ስብስብ ነው። አክሲዮናቸው በገበያ የሚሸጥ እንደ ካቴይ ፓሲፊክና ሲንጋፖር አየር መንገድ ያሉ ድርጅቶች ይህን መረጃ በየወሩ ለሕዝብ ያወጣሉ። ሙሉ በሙሉ የመንግሥት ንብረት የሆነው የኢትዮጵያ አየር መንገድ ግን ውጤቱን በይፋ የሚገልጸው በአብዛኛው የበጀት ዓመቱ ሲዘጋ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2023/24 የበጀት ዓመት አየር መንገዱ 17.1 ሚሊዮን መንገደኞችንና ከ754 ሺህ ቶን በላይ ጭነት እንዳጓጓዘ፣ ገቢውም 7.02 ቢሊዮን የአሜሪካ ዶላር እንደደረሰ አስታውቋል። ለ12 ወራት ሲካፈል በወር በአማካይ 1.4 ሚሊዮን መንገደኛና 63 ሺህ ቶን ያህል ጭነት ይሆናል። አማካዩ ለግምት ይጠቅማል እንጂ የትኛውንም ወር በትክክል አይገልጽም።

የመንገደኛ አቆጣጠር

በዚህ መረጃ ውስጥ «መንገደኛ» ሲባል አንድ ሰው ማለት ሳይሆን አንድ ጉዞ ማለት ነው። ከአየር ጤና ተነስቶ ዱባይ ደርሶ የተመለሰ ነጋዴ ሁለት ጊዜ ይቆጠራል። ከሌጎስ ወደ ጓንግዡ የሚሄድ ሰው ቦሌ ላይ አውሮፕላን ስለሚቀይር በአንድ የመሄጃ ጉዞ ብቻ ሁለት መንገደኛ ይሆናል፤ ሲመለስ ደግሞ ሌላ ሁለት። ስለዚህ 17.1 ሚሊዮን መንገደኞች ማለት 17.1 ሚሊዮን የተለያዩ ሰዎች ማለት አይደለም። በነጻ ቲኬት የሚጓዙ ሠራተኞችና የራሳቸው መቀመጫ የሌላቸው ሕፃናት በገቢ መንገደኛነት አይቆጠሩም።

የአውሮፕላን ማረፊያ ቁጥር ሌላ ነው። ቦሌ ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያ የሚገቡትንም የሚወጡትንም፣ የሌሎች አየር መንገዶችን ደንበኞች ጨምሮ ይቆጥራል። በዜና ውስጥ ሁለቱ ቁጥሮች አንዳንዴ እንደ አንድ ነገር ስለሚነገሩ የማን ቁጥር እንደሆነ አስቀድሞ መለየት ያስፈልጋል።

ርቀትና የመቀመጫ ሙሌት

የመንገደኛ ብዛት ብቻውን የሥራውን መጠን አያሳይም። ከአዲስ አበባ ባሕር ዳር በአየር 330 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን ዋሽንግተን ደግሞ 11,500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሁለቱም ተሳፋሪዎች እያንዳንዳቸው «አንድ መንገደኛ» ናቸው፤ በርቀት ሲለካ ግን የዋሽንግተኑ የባሕር ዳሩን 35 እጥፍ ይሆናል። በዚህ ምክንያት አየር መንገዶች የመንገደኛውን ብዛት በተጓዘበት ርቀት አባዝተው «የመንገደኛ ኪሎ ሜትር» የሚባለውን ልኬት ያወጣሉ። ከላይ በተጠቀሰው ዓመት ከ17.1 ሚሊዮኑ ውስጥ 3.7 ሚሊዮን ያህሉ የአገር ውስጥ መንገደኞች ነበሩ። በብዛት ከአምስት አንድ እጅ በላይ ሲሆኑ በመንገደኛ ኪሎ ሜትር ግን ድርሻቸው በጣም ያንሳል።

ለሽያጭ የቀረቡት መቀመጫዎች ሁሉ በበረሩበት ርቀት ሲባዙ «የመቀመጫ ኪሎ ሜትር» ይገኛል። የመንገደኛ ኪሎ ሜትር ለመቀመጫ ኪሎ ሜትር ሲካፈል የሚገኘው መቶኛ የመቀመጫ ሙሌት ይባላል። ይህ ቁጥር ከፍ ማለቱ ሁልጊዜ መልካም ዜና አይደለም። አንድ አየር መንገድ 100 መቀመጫ ባለው አውሮፕላን 80 ሰው ቢጭን ሙሌቱ 80 በመቶ ነው። አውሮፕላኑን ባለ 75 መቀመጫ በሆነ ቢተካና 70 ሰው ቢጭን ሙሌቱ ወደ 93 በመቶ ያድጋል፤ የተጓዘው ሰው ግን ቀንሷል። ሙሌትን ከአቅሙ ለይቶ የሚጠቅስ ዘገባ ግማሹን ብቻ ነግሯል ማለት ነው።

የጭነት አቆጣጠር

ጭነት በቶን፣ ርቀቱ ሲታሰብም በቶን ኪሎ ሜትር ይለካል። የሚጫነው በሁለት መንገድ ነው፦ በመንገደኛ አውሮፕላን ሆድ ውስጥና በጭነት አውሮፕላን። አየር መንገዱ ያሉት የቦይንግ 777 የጭነት አውሮፕላኖች እያንዳንዳቸው በአንድ ጊዜ 100 ቶን ያህል ማንሳት ይችላሉ። ፖስታ በአብዛኛው ለብቻው ይመዘገባል።

የመንገደኛ ሻንጣ ጭነት ተብሎ አይቆጠርም፤ ይህም ለአዲስ አበባ ትልቅ ትርጉም አለው። ለኮልፌ ቀራንዮ ጎረቤት በሆነው መርካቶ የሚሸጥ ልብስ፣ ጫማና የስልክ ዕቃ ከዱባይና ከጓንግዡ በነጋዴዎች ሻንጣም ይመጣል። ይህ ዕቃ ገበያ ላይ ሸቀጥ ቢሆንም በአየር መንገዱ መዝገብ ውስጥ የሚታየው የነጋዴው ጉዞ ብቻ ነው። የጭነት ቶንን ብቻ አይቶ በአየር የሚገባውን ንግድ የሚገምት ሰው ይህን ሁሉ ይስተዋል።

ጭነት ከመንገደኛ የሚለይበት ሌላም ነገር አለ። መንገደኛ በአብዛኛው ሄዶ ይመለሳል፤ አበባ ግን ሄዶ ይቀራል። አንዱ አቅጣጫ ሞልቶ ሌላው ሊጎድል ስለሚችል የጭነት ሙሌት ከመቀመጫ ሙሌት ዝቅ ማለቱ የተለመደ ነው። አበባ ቀላል ሆኖ ቦታ ስለሚይዝም ዋጋው የሚሰላው በሚዛን ብቻ ሳይሆን በመጠን ጭምር ነው፤ በተለመደው ስሌት 6,000 ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር እንደ 1 ኪሎ ይታሰባል። በዚህ የተነሳ የቶኑ ቁጥርና የጭነቱ ገቢ ጎን ለጎን ላይሄዱ ይችላሉ።

የቦሌ ከፍታም ከስሌቱ አይወጣም። ማረፊያው ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነ አየሩ ሳሳ ያለ ነው፤ አውሮፕላን በዝቅተኛ ቦታ የሚያነሳውን ክብደት ያህል ከዚህ ይዞ አይነሳም። ወደ አሜሪካ የሚሄዱ በረራዎች እንደ ደብሊንና ሎሜ ባሉ ከተሞች ሲያርፉ፣ ከዋሽንግተን የሚመለሱት ግን ያለማቋረጥ አዲስ አበባ መድረሳቸው ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው።

የወራት ልዩነት

ከሰበታ አካባቢ የአበባ እርሻዎች በጅማ መንገድ የሚመጣው አበባ የተለመደው መግቢያው ኮልፌ ቀራንዮ ውስጥ የሚገኘው አየር ጤና ነው፤ ከዚያም በማቀዝቀዣ መኪና ወደ ቦሌ ይሄዳል። ለአውሮፓ ገበያ የሚላከው ብዙ ጊዜ የሚያርፈው የአየር መንገዱ የጭነት ማዕከል በሆነችው የቤልጅየሟ ሊዬዥ ነው። በፈረንጆቹ የካቲት 14 የሚውለው የፍቅረኞች ቀን ስለሚያስፈልገው ከጥር መጨረሻ ጀምሮ ጭነቱ ይበረታል። የመንገደኛው ጫና ደግሞ በበዓላት ሰሞን፣ በውጭ አገር ትምህርት ቤቶች ዕረፍትና በሐጅ ወቅት ይጨምራል።

በዚህ ምክንያት አንድ ወር የሚነጻጸረው ካለፈው ወር ጋር ሳይሆን ካለፈው ዓመት ተመሳሳይ ወር ጋር ነው። ይህም ቢሆን ጥንቃቄ ይፈልጋል። ረመዳንና ሐጅ በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ወደ ፊት ይመጣሉ፣ ፋሲካም ወሩን ይቀይራል። 29 ቀን ያለው የፈረንጆች ፌብሩዋሪ 28 ቀን ካለው ጋር ሲነጻጸር፣ የዕለቱ ሥራ ምንም ሳይለወጥ 3.6 በመቶ ዕድገት ያሳያል።

የ2020 ወራት

የመንገደኛና የጭነት ቁጥር ተለይቶ መታየት ያለበት ለምን እንደሆነ የኮቪድ-19 ወራት በግልጽ አሳይተዋል። የዓለም አቀፉ የአየር ትራንስፖርት ማኅበር እንዳስታወቀው እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2020 የዓለም የመንገደኛ ኪሎ ሜትር ከአንድ ዓመት በፊት ከነበረው በ94.3 በመቶ ወደቀ። ጭነት የቀነሰው በ27.7 በመቶ ነበር። የመንገደኛ አውሮፕላኖች ሲቆሙ ሆዳቸው ውስጥ ይጫን የነበረው ቦታም አብሮ ስለጠፋ የጭነት ዋጋ ናረ።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ ያኔ እ.ኤ.አ. በ2017 የተመረቀ ሁለተኛ የጭነት ተርሚናልና የራሱ የጭነት አውሮፕላኖች ነበሩት። ከዚህም ሌላ 25 ያህል የመንገደኛ አውሮፕላኖችን ወንበራቸውን አንስቶ ለጊዜው ጭነት እንዲጭኑ አደረገ። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ከቻይና ወደ ቦሌ የገባው የጃክ ማ የሕክምና ዕቃ ዕርዳታም ለአፍሪካ አገሮች የተከፋፈለው ከዚሁ ነው። በርካታ ትልልቅ አየር መንገዶች የመንግሥት ድጎማ ሲቀበሉ ይህ ድርጅት ያለ ድጎማ ዓመቱን አለፈ። የመንገደኛ ቁጥሩን ብቻ ያየ ሰው ድርጅቱ ይዘጋል ብሎ በደመደመ ነበር።

ሰውና ዕቃን አብሮ ማጓጓዝ ለአየር መንገዱ አዲስ አይደለም። በመጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. በአስመራ በኩል ወደ ካይሮ የመጀመሪያውን በረራ ባደረገበት ዘመን፣ በከተማዋ ምዕራባዊ አቅጣጫ ከነበረው የልደታ ማረፊያ ይነሱ የነበሩት ሲ-47 አውሮፕላኖች መንገደኛውን በግራና በቀኝ በሚታጠፍ አግዳሚ ላይ ያስቀምጡ፣ መሐሉ ላይ ጭነት ያስሩ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ2019 ተርሚናል 2 ሲሰፋ የቦሌ አቅም በዓመት 22 ሚሊዮን መንገደኞች ደርሷል። በቢሾፍቱ አካባቢ፣ ከቦሌ ዝቅ ባለ ከፍታ ላይ የታቀደው አዲስ አውሮፕላን ማረፊያ ሙሉ በሙሉ ሲጠናቀቅ በዓመት 110 ሚሊዮን መንገደኞችን እንዲያስተናግድ ታስቧል።