የጣሪያ ማራገቢያ፦ መቼ ይጠቅማል? መቼ ይጎዳል?



በጤና ጣቢያ፣ በትምህርት ቤት ወይም በመሰብሰቢያ አዳራሽ ጣሪያ ላይ የሚሰቀለውን ማራገቢያ ብዙዎቻችን ቬንትሌተር እንለዋለን። ሱዳናውያን ጎረቤቶቻችን መርወሐ ይሉታል። በገዳሪፍ ሙቀት ሁሉም ሰው ከሥሩ መቀመጥ ይፈልጋል። ይሁን እንጂ ማራገቢያ በትክክል ካልተጠቀምንበት ያለችንን ጥቂት የኤሌክትሪክ ኃይል ያባክናል፤ አንዳንድ ጊዜም ጤናን ይጎዳል። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ አሠራሩንና አጠቃቀሙን እንመለከታለን።

1. ማራገቢያ ክፍሉን አያቀዘቅዝም

መጀመሪያ መታወቅ ያለበት ነገር ይህ ነው፦ ማራገቢያ የሚያቀዘቅዘው ሰውን እንጂ ክፍሉን አይደለም። የቆዳችን ሙቀት ብዙውን ጊዜ 35 ዲግሪ ገደማ ነው። በዙሪያችን ያለው አየር ከዚህ ከቀዘቀዘ፣ የሚነፍሰው አየር ሙቀትን ከቆዳችን ላይ ይወስዳል። ላባችንንም ቶሎ ያደርቃል፤ ላብ ሲተን ደግሞ ሰውነት ይቀዘቅዛል። ሰው በሌለበት ክፍል ግን የሚቀዘቅዝ ቆዳም የሚተን ላብም የለም። እንዲያውም የማራገቢያው ሞተር ሲሠራ ስለሚሞቅ ክፍሉን በጥቂቱ ያሞቀዋል። «ክፍሉ እስክንገባ ይቀዝቅዝ» ብሎ አስቀድሞ ማብራት ምንም ጥቅም የለውም።

2. የባከነው ኃይል የማን ነው?

እንደሚታወቀው በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ሱዳን ውስጥ ጦርነት ከተጀመረ ወዲህ ለጄኔሬተር የሚሆን ነዳጅ ተወዷል፤ ማግኘቱም አስቸጋሪ ሆኗል። የፀሐይ ኃይል (ሶላር) ትልቅ እፎይታ ይሰጣል። ለምሳሌ ዮርዳኖስ ውስጥ በሚገኘው አዝራቅ የስደተኞች መጠለያ እ.ኤ.አ. በ2017 ዓ.ም. 2 ሜጋ ዋት የሚያመነጭ የፀሐይ ኃይል ጣቢያ ተተክሎ ነዋሪዎች በቤታቸው መብራትና ማራገቢያ መጠቀም ችለዋል። በአንድ ጤና ጣቢያ ጣሪያ ላይ የሚቀመጡ ጥቂት ሶላሮች ግን ያን ያህል አቅም የላቸውም። ቀን የተጠራቀመው ኃይል በባትሪ ተቀምጦ ለሌሊት መድረስ አለበት።

ሒሳቡን አብረን እንሥራ። አንድ የተለመደ የጣሪያ ማራገቢያ 60 ዋት ገደማ ይወስዳል። በባዶ ክፍል 3 ሰዓት ቢዞር 180 ዋት ሰዓት ይበላል። በማዋለጃ ክፍል ውስጥ የሚበራ 9 ዋት የኤል.ኢ.ዲ. አምፖል ደግሞ በ10 ሰዓት 90 ዋት ሰዓት ይወስዳል። ስለዚህ በምሳ ሰዓት ሳይጠፋ የቀረ አንድ ማራገቢያ የሁለት ሌሊት የማዋለጃ ክፍል መብራት ይበላል ማለት ነው። በዚያ ሌሊት ምጥ የሚይዛት እናት በእጅ ባትሪ ብርሃን ልትወልድ ትችላለች።

በሌላ በኩል ማራገቢያ በራሱ ቆጣቢ መሣሪያ ነው። መካከለኛ የአየር ማቀዝቀዣ (ኤሲ) 1500 ዋት ገደማ ይፈልጋል፤ በዚህ ኃይል 25 ማራገቢያዎች ይሠራሉ። ችግሩ አያያዛችን ነው እንጂ ማራገቢያው አይደለም።

ማሳሰቢያ፦ የክትባት ማቀዝቀዣ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መካከል መቆየት አለበት። ለእርሱ በተመደበው ሶላር ላይ ማራገቢያም ሆነ የስልክ ቻርጀር በፍጹም አይሰካ።

3. ሰፊ ክንፍ፣ ዝግ ያለ ዙር

በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አሜሪካ ውስጥ ለወተት ላሞች በረት በጣም ትልልቅ የጣሪያ ማራገቢያዎች ተሠሩ። ላም በሙቀት ስትጨነቅ መኖዋ ይቀንሳል፣ ወተቷም ይጎድላል፤ ከብት ያረባ ሁሉ ይህን ያውቃል። አሁን በፋብሪካ፣ በአዳራሽና በቤተ ክርስቲያን ጭምር የሚሰቀሉ ሲሆን የአንዳንዶቹ ስፋት ከዳር እስከ ዳር 7 ሜትር ይደርሳል። ዝግ ብለው እየዞሩ ብዙ አየር ያንቀሳቅሳሉ።

ምክንያቱ እንዲህ ነው፦ የአንድን ማራገቢያ ፍጥነት በእጥፍ ለመጨመር የሚያስፈልገው ኃይል ወደ ስምንት እጥፍ ይጠጋል። ስለዚህ ሰፊ ክንፍ ያለውና ቀስ ብሎ የሚዞር ማራገቢያ፣ ትንሽ ሆኖ እየጮኸ ከሚፈጥነው ያነሰ ኃይል ይወስዳል። እንደዚያ ያለ ግዙፍ ማራገቢያ ለእኛ ቤቶች አይሆንም። ሆኖም ለመማሪያ ወይም ለሕሙማን መጠበቂያ ክፍል ማራገቢያ ሲመረጥ ከ1 ሜትር ከ20 ይልቅ 1 ሜትር ከ40 ስፋት ያለውን መምረጥና በመካከለኛ ፍጥነት ማዞር ይሻላል።

4. ማራገቢያ የሚጎዳበት ጊዜ

የአየሩ ሙቀት ከቆዳችን ሙቀት ሲበልጥ ነገሩ ይለወጣል። ያን ጊዜ የሚነፍሰው አየር ሙቀት ይሰጠናል እንጂ አይወስድልንም። የዓለም የጤና ድርጅት የአየሩ ሙቀት ከ40 ዲግሪ ሲያልፍ ማራገቢያ ሰውነትን እንደሚያሞቅ ያስጠነቅቃል። አረጋውያን ላብ የማውጣት አቅማቸው ስለሚቀንስ ለእነርሱ ገደቡ ከዚህ ዝቅ ይላል።

በአካባቢያችን ከመጋቢት እስከ ግንቦት ባለው ደረቅ ወቅት ከሰዓት በኋላ ሙቀቱ 40 ዲግሪ ሲደርስና ሲያልፍ የተለመደ ነው። በዚህ ሰዓት ደረቅ ቆዳ ላይ ማራገቢያ መልቀቅ የምድጃ ወላፈን ፊት እንደ መቆም ነው። ቆዳን፣ ልብስን ወይም ነጠላን በውኃ ማራስና ጥላ ሥር መቀመጥ ያስፈልጋል። ማራገቢያው በጧት፣ በማታና በሌሊት ይብራ።

በክረምቱ ወራት ደግሞ አየሩ ይረጥባል፣ ሙቀቱ ግን ከበጋው ያነሰ ነው። ላብ በቆዳ ላይ ተኝቶ አልደርቅ ይላል። ማራገቢያ ከሁሉ ይበልጥ የሚጠቅመው በዚህ ጊዜ ነው።

ማራገቢያ ኖረም አልኖረም ውኃ ቶሎ ቶሎ መጠጣት ያስፈልጋል። ዕድሜያቸው ከ6 ወር በታች የሆኑ ሕፃናት ግን የእናት ጡት ብቻ ቶሎ ቶሎ ይጥቡ፤ ውኃ አይሰጣቸው።

አንድ ሰው በሙቀት ምክንያት ከዘባረቀ፣ ከተንቀጠቀጠ ወይም ራሱን ከሳተ የሙቀት ምታት ሊሆን ይችላል። ወደ ጥላ አውጡት፣ ልብሱን አላሉ፣ መላ ሰውነቱን በውኃ አርሳችሁ አራግቡለት፤ ወዲያውኑም ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። ራሱን ለሳተ ሰው በአፍ ምንም አይሰጥ።

5. አየር ማዟዟርና አየር መለወጥ አንድ አይደሉም

ማራገቢያ በክፍሉ ውስጥ ያለውን አየር ያዟዙራል እንጂ ንጹሕ አየር ከውጭ አያስገባም። መስኮቱ ከተዘጋ የሳንባ ነቀርሳ (ቲቢ) ወይም የኩፍኝ ሕመምተኛ የተነፈሰውን አየር ለሁሉም ያዳርሳል። ፔሩ ዋና ከተማ ሊማ ውስጥ በሆስፒታሎች ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2007 ዓ.ም. የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ መስኮትና በር ሲከፈት የክፍሉ አየር በሰዓት 28 ጊዜ ያህል ይለወጥ ነበር፤ በመሣሪያ አየር በሚለወጥላቸው ክፍሎች ግን 12 ጊዜ ያህል ብቻ ነበር። መስኮት መክፈት ኤሌክትሪክ አይፈልግም። ስለዚህ መጀመሪያ መስኮቶቹን በሁለቱም ወገን ክፈቱ፣ ቀጥሎ ማራገቢያውን አብሩ።

እንዲሁም ነፋሱ ትንኝ ቢያባርርም የአጎበርን ቦታ አይተካም። ኃይሉ ሌሊት ሲቋረጥ ትንኟ ትመለሳለች።

6. ሲሰቀልና ሲጸዳ

• ክንፉ ከወለሉ ቢያንስ 2 ሜትር ከ10፣ ከጣሪያው ደግሞ 20 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ይራቅ።
• በሣር፣ በእንጨት ወይም በሸራ በተሠራ ዳስ ላይ የጣሪያ ማራገቢያ አትስቀሉ። ምሰሶው አይችለውም፤ የተላጠ ገመድም እሳት ያስነሳል።
• ከአቧራ ነፋስ በኋላ አጥፍታችሁ ክንፉን በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉ። አቧራ የያዘ ክንፍ የሚሰጠው ነፋስ ያነሰ ነው፤ አቧራውንም በሕሙማን ላይ ያራግፋል።
• ማራገቢያው ከተወዛወዘ ወይም ከተንቋቋ እስኪጠገን ድረስ አይሥራ።

7. ከእናንተ የሚጠበቀው

ኡም ራኩባ ማለት በዐረብኛ የዳስ እናት እንደ ማለት ነው። ዳስ ደግሞ ያለ ኤሌክትሪክ የሚሠራ ማቀዝቀዣ ነው፦ ፀሐይን ይከላከላል፣ በጎኑ ነፋስ ያሳልፋል። ለሕሙማንና ለተማሪዎች ከሁሉ በፊት የሚያስፈልገው ጥላ ነው፤ ከዚያ የተከፈተ መስኮትና ውኃ፣ በመጨረሻም ማራገቢያ።

በጎ ፈቃደኞች በየክፍሉ አንድ የማራገቢያ ኃላፊ ምረጡ። በትምህርት ቤት ይህ ሥራ ለክፍል አለቃ ሊሰጥ ይችላል። ከክፍሉ በመጨረሻ የሚወጣው ሰው ማራገቢያውን ያጥፋ። ይህን ጽሑፍ ማንበብ ለማይችሉ ጎረቤቶቻችሁም አንብቡላቸው።