የኮምፒዩተር ገጽን በናሙና የመፈተን ዘዴና ለትምህርት ቤቶች ያለው ጥቅም

አንድ ትምህርት ቤት ከመሠራቱ በፊት ፕላኑ በወረቀት ላይ ይነደፋል፤ ስሕተቱም በድንጋይና በስሚንቶ ከመታሰሩ አስቀድሞ ይታረማል። ለትምህርት ሥራ የሚዘጋጅ የኮምፒዩተር ፕሮግራምም የሚጠይቀው ጥንቃቄ ይኸው ነው። ተጠቃሚው የሚያየውና የሚጽፍበት ክፍል «የመጠቀሚያ ገጽ» ሲባል፣ ፕሮግራሙ ከመሠራቱ በፊት ለሙከራ የሚዘጋጀው የገጹ አምሳያ «ናሙና» ይባላል።

ለዚህ ሥራ የሚረዱ መሣሪያዎች የቆየ ታሪክ አላቸው። እ.ኤ.አ. በ1963 አይቫን ሰዘርላንድ ያቀረበው ስኬችፓድ ሰው በብርሃን ብዕር በስክሪን ላይ በቀጥታ እንዲነድፍ አስቻለ። በ1987 አፕል ኩባንያ ያወጣው ሃይፐርካርድ የፕሮግራም ባለሙያ ያልሆነ መምህር እንኳ ገጾችን እንደ ካርድ ደርድሮ በአዝራር እንዲያያይዝ ረዳ። ዛሬ ፊግማንና የመሳሰሉት መሣሪያዎች ዝግጁ ቅርጾችን በማቅረብ ሥራውን ያፋጥናሉ።

ይሁን እንጂ ዝግጁው ቅርጽ የተሠራበትን አገር ልማድ ይዞ ይመጣል። በሰቆጣ ወይም በሌላ የዋግ ኽምራ ደጋ ለሚገኝ ትምህርት ቤት የተማሪ መመዝገቢያ ገጽ ቢታሰብ ጉዳዩ ግልጽ ይሆናል። ወር መምረጫው 12 ወር ብቻ ካለው በጳጉሜን የተወለደ ሕፃን የልደት ቀኑን አያገኝም። በ2010 ዓ.ም. የተወለደውም ዓመቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ቢወሰድ ዕድሜው 7 ወይም 8 ዓመት ይጨምራል፤ ከዚህም የተነሣ ለአንደኛ ክፍል የደረሰው ልጅ ዕድሜው ያለፈ መስሎ ይታያል። ጠዋት 2 ሰዓት የሚጀምረው ትምህርትም በገጹ ላይ 8 ሰዓት ተብሎ ሊነበብ ይችላል።

የፊደልም ጥያቄ አለ። የኢትዮጵያ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ ተካቷል፤ እንደ ኽምጣና ያሉ የአገው ቋንቋዎች የሚጠቀሙበት «ጘ»ም በውስጡ ይገኛል። ነገር ግን ፊደሉ መለያ ቁጥር ማግኘቱ ብቻ በቁልፍ ሰሌዳው ላይ ለመገኘቱ ማረጋገጫ አይሆንም። ሰሌዳው ከጎደለው የልጁ ስም ተዛብቶ ይመዘገባል።

እንዲህ ያለውን ጉድለት ለመግለጥ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። በመጀመሪያ እያንዳንዱ ገጽ በአንድ ወረቀት ላይ ይሣላል። ቀጥሎ መዝጋቢው ሠራተኛ በጣቱ «አዝራሩን» ሲነካ፣ ሌላ ሰው እንደ ኮምፒዩተር ሆኖ ተከታዩን ወረቀት ያቀርብለታል። አዘጋጁ ግን ሳያርም የት እንደቆመና ምን እንደጠየቀ ይመዘግባል። ስሕተቱ ከታረመ በኋላ ናሙናው በሶፍትዌር ተሠርቶ በሚያገለግልበት ስልክ ወይም ኮምፒዩተር ላይ እንደገና ይፈተናል፤ የፊደሉና የሰሌዳው ጉዳይ የሚረጋገጠው በዚህ ደረጃ ነው።

እንግዲህ የትምህርት ዕቅድ አውጪዎች ፕሮግራም ሲያሠሩ፣ ናሙናው በሚገለገሉበት መምህራንና መዝጋቢዎች ዘንድ መፈተኑን ከክፍያው በፊት ሊያረጋግጡ ይገባል። በወረቀት ላይ በላጲስ የሚጠፋው ስሕተት፣ የብዙ ሕፃናት መዝገብ ከገባ በኋላ በእያንዳንዱ ስም ላይ የሚታረም ይሆናል።