ሬዞናንስ፦ ኒውትሮን በኒውክለስ ውስጥ ሲቆይ



እዚሁ ልደታ ክፍለ ከተማ የሚገኘው የጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ለረጅም ዓመታት የካንሰር ሕሙማንን በኮባልት 60 ጨረር ሲያክም ኖሯል። ይህ ኮባልት የሚገኘው ተራው ኮባልት 59 በኒውክሌር ማብላያ ውስጥ ኒውትሮን ውጦ ሲያስቀር ነው። ኒውትሮኑ ስለ ምን ይቀራል?

የኒውትሮኑ ጉልበት ወደ 132 ኤሌክትሮን ቮልት ሲደርስ ከኒውክለሱ ጋር የመገናኘት ዕድሉ በድንገት እንደ ተራራ ጫፍ ከፍ ይላል፤ ይህን ሬዞናንስ እንለዋለን። ብራይትና ዊግነር እ.ኤ.አ. በ1936 ባቀረቡት ቀመር መሠረት ጫፉ በጠበበ መጠን ቆይታው ይረዝማል። እዚህ ላይ ስፋቱ ከ5 እስከ 6 ኤሌክትሮን ቮልት ነው፤ ስለዚህ ኒውትሮኑ ዝም ብሎ ቢያልፍ ከሚወስድበት ጊዜ ከ1000 እጥፍ በላይ ይቆያል። ከዚያም ከአሥሩ ዘጠኙ ያህል ተመልሶ ይበተናል፤ የቀረው ግን ጋማ ጨረር አስለቅቆ ኮባልት 60ን ያስገኛል።

እንግዲህ የጫፉን ቦታ ብቻ የሚሰጥ ሞዴል ስንቱ እንደሚቀር አይነግረንም። ለሕክምና የሚበጀው ደግሞ የሚቀረው ነው። ስለሆነም ሞዴል ስትሠሩ ጠቅላላውን ስፋት ለመበተንና ለመዋጥ ድርሻ ድርሻውን ለዩለት።