ጳጉሜን 6ን የማያውቀው አፕ

ከአዲስ አበባ ተነስታችሁ ደብረ ብርሃንን፣ የጣርማ በርን ዋሻና ደብረ ሲናን አልፋችሁ ቁልቁል ስትወርዱ ጃኬታችሁን የምታወልቁበት ቦታ አለ። የይፋት ቆላ ይጀምራል ማለት ነው። ትንሽ ዝቅ ስትሉ ሸዋ ሮቢት ናት፤ ሽንኩርቱ፣ ቲማቲሙ፣ ማሾው። አጎቴ እዚያ ሽንኩርት ነጋዴ ነው። ከገበሬ ይረከባል፣ አዲስ አበባ ያስገባል፣ ቀሪውን ሒሳብ በቀጠሮ ይከፍላል። ቀጠሮው የሚጻፈው በደብተር ነበር።

እኔ ደግሞ ያኔ ጃቫ እየተማርኩ ስለነበር እጄ በልቶኛል። «ጋሼ፣ ይሄን በስልክ ላድርግልዎት» አልኩና አንድ ትንሽ አፕ ሠራሁለት። የገበሬው ስም፣ የብሩ መጠን፣ የክፍያው ቀን። ቀኑን በእኛ አቆጣጠር ያስገባል፤ አፑ ውስጥ ውስጡን ወደ ፈረንጆቹ ቀይሮ ያስቀምጠዋል፣ ሲያሳየው መልሶ ይቀይረዋል።

ነገሩ በ2011 ዓ.ም. መጨረሻ ተበላሸ። አጎቴ ለአንድ ገበሬ ጳጉሜን 6 ቀን እከፍላለሁ ብሎ ቀጠረ፣ ስልኩም ላይ መዘገበ። እኔ ግን ጳጉሜን ሁልጊዜ አምስት ቀን እንደሆነች አድርጌ ነበር የጻፍኩት። አፑ ስድስተኛዋን ቀን ሲያይ ስህተት ነው ብሎ አልጮኸም፤ ዝም ብሎ መስከረም 1 አደረጋት። አጎቴ ስልኩን አየ፣ ክፍያው ለበዓሉ ቀን ነው ብሎ ከጭነት መኪናው ጋር አዲስ አበባ ሄደ። ገበሬው በቀጠሮው መጣ፤ በር ዝግ ነው። የዓመት በዓል ዋዜማ ነው እንግዲህ፣ የበግ መግዣውን ብር ብሎ የመጣ ሰው ባዶ እጁን ተመለሰ።

ማታ ስልኬ ጠራ። «አንተ ልጅ፣ ይሄ ማሽንህ ጳጉሜን ስድስትን አያውቃትም እንዴ?»

አያውቃትም ነበር። ኮዱን ከፍቼ አስተካከልኩና፣ ዳግም እንዳይደርስ አንድ ቴስት ጻፍኩ፦ ጳጉሜን 6 ቀን 2011 ስትሰጠው ሴፕቴምበር 11፣ 2019 ይመልሳል ወይ? ከዚያ ለመስከረም 1 ሌላ ቴስት። ለጳጉሜን 5 ሌላ። ኮፒ፣ ፔስት፣ ቁጥር መቀየር። አሥረኛው ላይ ስደርስ ፋይሉ ሁለት ገጽ ሆኖ ከሜተድ ሜተድ የሚለየው የቀኑ ቁጥር ብቻ ነበር። አንዱን ኮፒ ሳደርግ ቁጥሩን መቀየር ረስቼው ኖሮ፣ አንድ ቀን ሁለት ጊዜ እየተፈተነ ሌላው ጭራሽ ሳይፈተን ቀርቷል። ደግሞ ሁሉም አረንጓዴ!

ኮድ የምትጽፉ ልጆች ይሄን በሽታ ታውቁታላችሁ። መድኃኒቱ ፓራሜተራይዝድ ቴስት ይባላል። ሐሳቡ ቀላል ነው፤ ፈተናውን አንዴ ትጽፋላችሁ፣ ጥያቄና መልሱን ግን በሠንጠረዥ ለይታችሁ ታስቀምጣላችሁ። በጃቫ ይህን የሚሠራው ጄዩኒት ነው። ኬንት ቤክና ኤሪክ ጋማ እ.ኤ.አ. በ1997 ከዙሪክ ወደ አትላንታ ሲበሩ አውሮፕላን ውስጥ ነበር መጻፍ የጀመሩት። እ.ኤ.አ. በ2017 በወጣው አምስተኛ ትውልዱ፣ ከሜተዱ በላይ «ቴስት» የምትሉበት ቦታ «ፓራሜተራይዝድ ቴስት» ትላላችሁ፣ ቀጥሎ «ሲኤስቪ ሶርስ» ብላችሁ ረድፎቹን ትደረድራላችሁ። ረድፎቹ ከበዙ ወደ ሲኤስቪ ፋይል ማውጣት ነው። በፓይተን ለምትጽፉ ፓይቴስትም ይሄው አለው።

«ፎር ሉፕ አይበቃም ወይ?» ትሉ ይሆናል። እኔም ሞክሬዋለሁ። ሉፕ ውስጥ ሦስተኛው ረድፍ ከወደቀ ቴስቱ እዚያው ይቆማል፤ አራተኛውና አምስተኛው ደህና ይሁኑ አይሁኑ አታውቁም። በፓራሜተራይዝድ ግን እያንዳንዱ ረድፍ ራሱን የቻለ ፈተና ነው፤ የወደቀው በስሙ ይወድቃል፣ ሌሎቹ ይቀጥላሉ። ጄዩኒት በተለምዶው ለእያንዳንዱ ረድፍ የቴስት ክላሱን አዲስ ኦብጀክት ስለሚፈጥር፣ ያለፈው ረድፍ በኦብጀክቱ ውስጥ የተወው ነገር ቀጣዩን አያበላሽም።

የእኔ ሠንጠረዥ ሲጀምር ይህን ይመስል ነበር፦

ጳጉሜን 5፣ 2010 — ሴፕቴምበር 10፣ 2018
ጳጉሜን 6፣ 2011 — ሴፕቴምበር 11፣ 2019
መስከረም 1፣ 2012 — ሴፕቴምበር 12፣ 2019

ሌላ ትንሽ ሠንጠረዥ ደግሞ ተቀባይነት ለሌላቸው ቀኖች አለ። ጳጉሜን 6፣ 2010 እዚያ ውስጥ ነው፤ አፑ ይህን ሲያይ ዝም ብሎ እንዳያልፈው፣ «የለም» ብሎ እንዲጮህ።

ከዚህ በኋላ የሆነው ነገር ነው እኔን የገረመኝ። ኮድ ለአጎቴ ባሳየው አይገባውም። ሠንጠረዥ ግን ደብተር ነው፤ ያነበዋል። ያንን ገና በዓል ሮቢት ሄጄ ላፕቶፔን ሳሳየው አያቴ አጠገቡ ነበሩ። «ገናን አስገብተሃል?» አሉኝ። ታኅሣሥ 29 ልጽፍ ስል ሳቁብኝ። «ዘንድሮ ዮሐንስ አይደል? በዮሐንስ ገና በሃያ ስምንት ነው።» እውነት ነው። ዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ደምራችሁ ለአራት ስታካፍሉ ቀሪው ሦስት ከሆነ ዘመኑ ሉቃስ ነው፣ ጳጉሜን ስድስት ትሆናለች፤ ቀጥሎ የሚመጣው ዮሐንስ ነው፣ ገናም በአንድ ቀን ቀድሞ ይውላል። ሁለት ረድፍ ተጨመረ፦ ታኅሣሥ 28፣ 2012 — ጃንዋሪ 7፣ 2020። ታኅሣሥ 29፣ 2013 — ጃንዋሪ 7፣ 2021። ሁለቱም አለፉ። አያቴ ጃቫ አያውቁም፣ ግን ከእኔ የተሻለ ቴስት ጻፉ።

አጎቴ ቀጠለና «አድዋስ?» አለ። የካቲት 23፣ 1888 — ማርች 1፣ 1896። ይህን ከትምህርት ቤት ጀምሮ የምናውቀው ነው። አስገባሁት። ቀይ! ኮዴ ማርች 2 ይላል።

መጀመሪያ መጽሐፉ ተሳስቷል ብዬ ነበር (የፕሮግራመር ትዕቢት)። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። እንቁጣጣሽ ሴፕቴምበር 11፣ ከሉቃስ በኋላ 12 ይውላል የሚለውን ሕግ ለዘላለም የሚሠራ አድርጌ ነበር የጻፍኩት። በእኛ አቆጣጠር በየአራት ዓመቱ ያለ ምንም ማወላወል አንድ ቀን ይጨመራል። በግሪጎሪያኑ ግን በ100 የሚካፈል ዓመት በ400 ካልተካፈለ ፌብሯሪ 29 የለውም። ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ1900 በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት በአንድ ቀን ሰፋ። ከዚያ በፊት የካቲት 23 ማርች 1 ነበር፤ ዛሬ ማርች 2 ነው። በ2100ም እንደዚሁ ይሰፋል፦ መስከረም 1፣ 2093 ሴፕቴምበር 12፣ 2100 ነው የሚውለው። ኮዱን አፍርሼ ቀኖችን ከአንድ መነሻ እንዲቆጥር አድርጌ ጻፍኩት። አድዋ አረንጓዴ ሆነ፣ የቀሩትም አልተነኩም። ሠንጠረዡ ባይኖር ያንን ክላስ ለማፍረስ አልደፍርም ነበር።

አንድ ነገር ተጠንቀቁ። መልሱን ከኮዳችሁ አሂዳችሁ ሠንጠረዡ ላይ አትለጥፉ፤ ኮዱ ራሱን ይመሰክራል ማለት ነውና። ከግድግዳ ካላንደር፣ ከታሪክ፣ ከአያታችሁ ውሰዱ። ወይም ሌላ ሰው ከጻፈው ላይብረሪ ጋር አስተያዩት። ጆዳ ታይም የኢትዮጵያን አቆጣጠር ይዟል። የጃቫ የራሱ የቀን ጥቅል የጃፓንን፣ የታይዋንን፣ የታይላንድንና የሂጅራን ይዞ የእኛን መተዉ ግን ያናድዳል።

ሂጅራን ካነሳሁ፣ ይፋት ውስጥ «ከረመዳን በፊት» ተብሎም ቀጠሮ ይያዛል። እሱን ሠንጠረዥ ውስጥ ማስገባት አልቻልኩም፤ ጨረቃዋ እስክትታይ ነው የሚጠበቀው። አፑ ላይ ለእሱ ባዶ የማስታወሻ ቦታ ብቻ ትቻለሁ።

ገበሬው ብሩን መስከረም 2 ተቀብሏል። ቀጣዩ ሉቃስ 2019 ነው፤ ጳጉሜን 6፣ 2019 — ሴፕቴምበር 11፣ 2027 የሚለው ረድፍ ከገባ ቆይቷል፣ አረንጓዴ ነው። አጎቴ ግን እስከ ዛሬ የጳጉሜን ቀጠሮ የሚጽፈው በደብተር ነው።